የጥላሸት ቀለምና የጥቁርና ነጭ ፎቶ ዕድሜ

ቢቸና አጠገብ እንዳለው ዲማ ጊዮርጊስ ባሉ የጎጃም ደብሮች ብራና ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለም ሲያዘጋጁ ዋናው ነገር ጥላሸት ነው፤ ጥላሸት ደግሞ ካርቦን ስለሆነ ብርሃን አያነጣውም። ጥቁርና ነጭ ፎቶ በኢንክጄት ለሚያትም ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ርካሹ ቀለም በውሃ የሟሟ ማቅለሚያ ነው፤ ፀሐይና አየር ያደበዝዙታል። ግራጫው ከሰማያዊ፣ ከቀይና ከቢጫ ተቀላቅሎ ከመጣማ ሦስቱ እኩል ስለማይለቁ የአያት ፊት ውሎ አድሮ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ይመታል። ስለዚህ ካርቦን ያለበት የፒግመንት (የማይሟሟ ደቃቅ ዱቄት) ቀለም፣ ቢቻል ከጥቁሩ ሌላ የራሱ ግራጫዎች ያሉት ማተሚያ ይመረጥ እላለሁ።

«ርካሹ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ይበልጥ ይጠቁራል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ እኔ በምመርጠው፣ አሲድ በሌለውና በማያብረቀርቀው የጥጥ ወረቀት ላይ ጥቁሩ ትንሽ ይላላል። ነገር ግን የነጠላው እጥፋትና የፊት ጥላ እዚያ ለስልሰው ይታያሉ፣ ነጸብራቅም አይሸፍናቸውም። ነጭነቱን በሚያደምቅ ኬሚካል ያገኘ ወረቀት ግን ከጊዜ ጋር ወደ ቢጫ ያደላል፤ እሱን አልመክርም። ዋጋውስ? ውድ ነው፤ ለመታወቂያ ፎቶም አያስፈልግም። ለሠርግና ለሙት መታሰቢያ ግን ከሃምሳ ርካሽ ቅጠል ይልቅ ሁለት ጥሩ ቅጠል ይሻላል፤ መስታወት ገብቶለት፣ ፀሐይ በማይመታው ግድግዳ ላይ ይሰቀል።