ዝም ያልንበት ሽታ
በአንድ ሞሻቭ የዶሮ ቤት፣ በ«ሉል» ውስጥ፣ የምንሠራ ነን። በክረምት ጫጩቶቹ አንገታቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው ማለክለክ ጀመሩ። የማንኮራፋት ድምፅ ግን የላቸውም። «ብርድ ነው» ተባለ፤ ማሞቂያ ተጨመረ፤ ሞቱ ቀጠለ። እኛ ከጉዝጓዙ የሻገተ ጎተራ ሽታ ሸቶናል፤ ዕብራይስጣችን ስላልሞላ አፍረን ሦስት ቀን ዝም አልን። በአራተኛው ቀን ተናገርን። የእንስሳት ሐኪሙ የሞቱትን ሲከፍት ሳንባቸው ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ ነጭና ቢጫ እባጮች ታዩ፤ ላቦራቶሪውም አስፐርጊለስ የተባለው ሻጋታ መሆኑን አረጋገጠ። ለታመሙት ፍቱን መድኃኒት የለም፤ የሻገተውን ጉዝጓዝ አውጥተን ደረቅ አነጠፍን። ብናኙ የሰውንም ሳንባ ይጎዳልና፣ ወገኖቻችን፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ሥሩ። የምታውቁትንም በተሰባበረ ቋንቋ ቢሆን ተናገሩ።