ሰባት ቁጥር በሁለት ቋንቋ

እስቲ ይህን ቁጥር ድምፅ ሳያሰሙ አንድ ጊዜ ብቻ ያንብቡና ዓይንዎን ከገጹ ላይ ያንሱ፦ 7 2 9 4 1 8 6። አሁን በቃልዎ ይድገሙት። ከተሳካልዎት እሰየው፤ እኔ ግን ይበልጥ ማወቅ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። በሆድዎ ሲደጋግሙት የነበረው በአማርኛ ነው ወይስ በእንግሊዝኛ?

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ይህ ጥያቄ እንጀራዬ ነው። ደንበኛው ማስታወቂያውን በሬዲዮ ሰምቶ ስልኩን ከኪሱ እስኪያወጣ ድረስ ቁጥሩን መያዝ አለበት። እንደ 994 ያሉ አጫጭር ቁጥሮች የሚወደዱት ለዚህ ነው። አንድን ነገር ተጠቅመንበት እስክንጥለው ድረስ የምንይዝበትን ይህን ጠባብ ቦታ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች «የሥራ ትውስታ» ይሉታል። አሜሪካዊው ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ሰባት ነገር ገደማ ይይዛል ብሎ ጽፎ ነበር፤ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ወደ አራት አወረዱት። እንግሊዛዊው አለን ባድሊና ባልደረቦቹ ደግሞ ቃልና ቁጥር ሲሆን ወሳኙ ርዝመቱ እንደሆነ አሳዩ። የምንይዘው በሁለት ሴኮንድ ገደማ ልንለው የምንችለውን ያህል ነው።

ነገሩ ከቋንቋ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። በብሪታንያዋ ዌልስ የሚኖሩ ልጆች በአእምሮ ፈተና ላይ ቁጥር ሰምቶ በመድገም ከአሜሪካ ልጆች ያነሰ ውጤት ያመጡ ነበር። ኤሊስና ሄነሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980 ምክንያቱን አገኙት። በዌልሽኛ የቁጥሮቹ ስም ለመጥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቁ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ የበለጠ ቁጥር ይዘው ተገኙ፤ ያውም ዌልሽኛው የሚቀርባቸው ሆነው ሳለ። የልጆቹ ጭንቅላት ምንም አልጎደለውም። የጎደለው መለኪያው ነበር። የእኛን ደግሞ ራስዎ ይሞክሩት፤ «ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ስድስት» ይበሉና «ኤይት፣ ናይን፣ ሲክስ» ይበሉ።

ይህን ሁሉ እንድከታተል ያደረገችኝ የስድስት ዓመቷ ልጄ ናት። እዚሁ ጎንደር ከተማ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ትማራለች። በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ላይ «በሒሳብ ትዘነጋለች፤ እባክዎ ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ ያናግሯት» የሚል ማስታወሻ በደብተሯ መጣ። እናቴ ከዳባት መጥታ እኛ ጋ የሰነበተችበት ሳምንት ነበር። ትዕዛዙ ቢከበር ኖሮ አያትና የልጅ ልጅ በምልክት ሊነጋገሩ ነው!

እናቴ ማስታወሻውን አልሰማችም፤ ልጅቷን ግን አጠገቧ አስቀምጣ ትጠይቃት ነበር። «ስምንት በግ ነበረኝ፤ ሦስቱን ለበዓል ሸጥሁ፤ ከቀሩት ሁለቱ አንድ አንድ ወለዱ። ስንት አሉኝ?» ልጄ ጣቷን እንኳ ሳትቆጥር «ሰባት!» አለች። ማታ ያንኑ ጥያቄ በእንግሊዝኛ አቀረብሁላት። «ሸጠ» የሚለው ቃል ላይ ቆማ ስታስብ ስምንቱ በጎች ከአእምሮዋ ጠፉ። «ስንት ነበሩ ያልከኝ?» ብላ እንደገና ጠየቀችኝ። መምህርቷ «ትዘነጋለች» ያለችው ይህን ነው። ጠባቧ ቦታ ቃል በመተርጎም ተይዛ ለሒሳቡ ወለል አልቀረላትም።

ታዲያ ሁለት ቋንቋ ይጎዳል ማለት ነው? አይደለም። በርካታ የግል ትምህርት ቤቶች እንደሚያስተዋውቁት አእምሮን ያሰፋል ማለትም አይደለም። (ማስታወቂያ እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ።) በካናዳ የኤለን ቢያሊስቶክ ጥናቶች ለዓመታት ትልቅ ተስፋ ሰጥተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን ሚና ሌህቶነንና ባልደረቦቿ አዋቂዎች ላይ የተሠሩ ከ150 በላይ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ሲመዝኑ፣ ሁለት ቋንቋ ተናጋሪዎች በሥራ ትውስታ ይበልጣሉ የሚያሰኝ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኙም። ሁለተኛ ቋንቋ የሚሰጠው ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ለእኔ ይህ ብቻውን በቂ ነው።

ጎንደር ተቀምጦ ስለ ሁለት ቋንቋ እያወሩ የቅኔ ተማሪን መዝለል ግን ነውር ነው። ያ ወጣት በእናቱ ቤት ማንም በማይናገርበት በግእዝ ቅኔ ይቆጥራል። በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምርና መወድስ ሲደርስ ስምንት ቤት ይሆንበታል። ወረቀት የለም። ቤት መምታቱን፣ የዜማ ልኩን፣ አገባቡን፣ ሰሙንና ወርቁን አንድ ላይ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል። አራት ነገር ብቻ የምትይዝ ቦታ ይህን ሁሉ እንዴት ቻለችው? ግሱንና እርባ ቅምሩን ሌት ተቀን ሲያወርድ ስለከረመ ነው። ለጀማሪው አሥር የሆነው ነገር ለእርሱ አንድ ሆኗል። ሌላም አለ፤ መምህሩ ምሥጢሩን የሚያብራራለት በአማርኛ ነው። በጎንደር ዘመን የዳበረው የአንድምታ ትርጓሜም እንዲሁ ነው። ግእዙ ይነበባል፣ በአማርኛ ይፈታል፣ ከዚያ «አንድም» እየተባለ ይሰፋል። ግእዝ እንዲገባው ብሎ ተማሪውን አማርኛ የከለከለ የኔታ አልሰማሁም።

ቤት ውስጥ መናገር የቀረ ቋንቋ ምን እንደሚሆንም ከእኛ ብዙ ሳይርቅ ይታያል። በጭልጋና በአካባቢው ይነገር የነበረውን ቅማንትነይ የቋንቋ ምሁሩ ዘላለም ልየው ሲያጠኑት የቀሩት ተናጋሪዎች በአብዛኛው አረጋውያን ነበሩ። አማርኛ በዚያ መንገድ ይሄዳል ብዬ አልፈራም። በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንዲት ልጅና በአንዲት አያት መካከል ግን ሊሆን ይችላል።

ለማስታወሻው በትህትና መልስ ጻፍን። ሒሳቡን ቤት በአማርኛ እናስረዳታለን፤ እንግሊዝኛውን ማታ ማታ በተረት መጽሐፍ፣ ቃሉ እስኪለምዳት ደጋግመን እናነባለን። መምህርቷም ጥያቄ ስትሰጣት አዲሶቹን ቃላት አስቀድማ እንድትነግራት ጠየቅን፤ ያለማንገራገር ተቀበለች።

ክረምቱን ልጄ ዳባት ልትከርም ነው። ሁለት የእንግሊዝኛ ተረት መጽሐፍ በቦርሳዋ እንደምንከት ለእናቴ በስልክ ነገርኋት። «ታንብብልኝ» አለች፤ «ግን ገጽ በገለጠች ቁጥር ምን እንደሚል በአማርኛ ትንገረኝ። ዝም ብዬማ አልሰማም።»