ከገና በፊት ይሉኝታን መጾም



ኅዳር 15 ከገባ ጀምሮ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ጾም ነው። «ስኳር አለብኝ፣ መጾም እችላለሁ?» «ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ምን ልብላ?» ትሉኛላችሁ። እዚህ ሆሳዕና ኦርቶዶክሱ እስከ ገና ዋዜማ ጾመ ነቢያትን ይጾማል። ካቶሊኩም ሌላውም በየእምነቱ ከገና በፊት ያሉትን ሳምንታት በጸሎትና በዝግጅት ያሳልፋል። ዛሬ ግን ስለ ምግብ ሳይሆን ስለ ድፍረት ልጽፍላችሁ ነው።

ለምን አሁን? ገና አልፎ ጥር ሲገባ የሠርግ ወቅት ነው። በሀዲያም በከምባታም የሴት ልጅ ግርዛት ለረጅም ዘመን ለአቅመ ሔዋን ከመድረስና ከጋብቻ ጋር ተያይዞ ኖሯል። ጥር ላይ የሚሆነው ነገር በብዙ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ የሚወሰነው በእነዚህ ሳምንታት ነው።

አንዲት እናት ልጃቸውን ውጭ አስቀምጠው ብቻቸውን ገቡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዶክተር፣ ጉዳቱን አውቃለሁ። ግን ሰው ምን ይላል? በምላጭ ከምትቆረጥ፣ እዚሁ በንጹህ ዕቃ ትንሽ ቢነኩላትስ?» አሉኝ።

«እናቴ፣ አልችልም» አልኳቸው። ምክንያቱንም ነገርኳቸው። ንጹህ ዕቃ ኢንፌክሽንን ሊቀንስ ይችላል፤ የተቆረጠውን አካል ግን አይመልስም። ግርዛት ለጤና አንዳች ጥቅም የለውም። ጉዳቱ ግን ብዙ ነው፦ ብዙ ደም መፍሰስ፣ ቴታነስ፣ ሽንት መከልከል፣ በግንኙነት ጊዜ ሕመም፣ በወሊድ ጊዜ መቀደድ፣ ከአእምሮ የማይጠፋ ድንጋጤ። በሕግም ወንጀል ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 565፣ በማንኛውም ዕድሜ ያለችን ሴት መግረዝን ይከለክላል። የተባበረ ወላጅም ይጠየቃል።

እኚህ እናት ጉዳቱን ያውቁታል። የፈሩት ጎረቤትን ነው። ለይሉኝታ ደግሞ በፋርማሲ የሚሸጥ መድኃኒት የለም። መድኃኒቱ ልምምድ ነው።

ይህን ልምምድ ከሌላ አገር መዋስ አያስፈልገንም። በ2012 ዓ.ም. ያረፉት ዶ/ር ቦጋለች ገብሬ የከምባታ ልጅ ነበሩ። በልጅነታቸው ራሳቸውም ተገርዘዋል። ውኃ ልቀዳ ብለው እየወጡ ተደብቀው ፊደል ቆጠሩ፤ በኋላም እስከ አሜሪካ ድረስ ሄደው ተማሩ። ተመልሰው በ1997 እ.ኤ.አ. ከእህታቸው ጋር የከምባታ ሴቶችን ማዕከል፣ «ከምባቲ መንቲ ጌዚማ ቶፔ»ን አቋቋሙ። ስለ ኤችአይቪ ሊያስተምሩ ሲመጡ ሕዝቡ ያነሳባቸው የድልድይ ችግር ነበር፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ገበያ ለመድረስ ተቸግረው ነበር። መጀመሪያ ድልድዩ እንዲሠራ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ሰው ጆሮውን ሰጣቸው። ሽማግሌውም፣ እናቱም፣ ወጣቱም ተቀምጦ ስለ ግርዛት በግልጽ መነጋገር ጀመረ።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ በከምባታ አንድ ሠርግ ተደገሰ። ሙሽራዋ አለመገረዟን፣ ሙሽራው ያልተገረዘች ሴት በማግባቱ ደስተኛ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ይዘው ሕዝብ ፊት ቆሙ። ያልተገረዘች ሴት ባል አታገኝም በሚባልበት አገር የዚያን ሙሽራ ድፍረት አስቡት።

እኔ ያንን ሙሽራ ሳስብ ዮሴፍ ትዝ ይለኛል። በገና ሰሞን ስለ ማርያም ድፍረት ብዙ እንሰማለን፤ የሚገባም ነው። እጮኛዋ ግን በስውር ሊተዋት አስቦ ነበር። ሰው ምን እንደሚል ያውቃል። ሆኖም ሳይፈራ ወደ ቤቱ ወሰዳት። የገና ታሪክ ውስጥ ሕፃኑ ቤትና ጠባቂ ያገኘው አንድ ወንድ ከሰው አፍ ይልቅ የመልአኩን ቃል ስለሰማ ነው። አባቶች፣ ይህ በተለይ ለእናንተ ነው። እናት ብቻዋን ይሉኝታን እንድትሸከም አትተዉአት።

ጾም ራሱ የድፍረት ትምህርት ቤት ነው። ሆድ ሲጠይቅ «አይሆንም» ማለት የለመደ ሰው፣ ሰፈር ሲጠይቅም «አይሆንም» ማለት ይችላል። ከገና በፊት ባሉት አራት ሳምንታት ይህን ሞክሩ፦

1ኛ ሳምንት፦ ባልና ሚስት ለብቻችሁ ተነጋገሩ። «ልጃችን አትገረዝም» የሚለውን ቃል ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩት፤ ጸልዩበትም።

2ኛ ሳምንት፦ ለልጃችሁ ንገሯት። አንዳንዴ ጓደኞቿ ስለሚሰድቧት ራሷ ልትጠይቅ ትችላለች። አትቆጧት፤ ሙሉ አካል ይዛ መፈጠሯ ነውር እንዳልሆነ አስረዷት።

3ኛ ሳምንት፦ ለአያትና ለአክስት በአክብሮት አሳውቁ። «እናንተ ያደረጋችሁት በዘመናችሁ ለእኛ አስባችሁ ነው። እኛም ለልጃችን አስበን ነው የተውነው» በሉ። ልጅቷ ለዓመት በዓል ገጠር ከሄደች አብራችሁ ሂዱ።

4ኛ ሳምንት፦ ከቤት ውጭ ለአንድ ሰው ንገሩ፤ ለጎረቤት፣ ለዕድር ወዳጅ፣ ለቄሱ፣ ለፓስተሩ። ወንድ ልጅ ያላችሁ ደግሞ «ያልተገረዘች ሙሽራ በደስታ እንቀበላለን» በሉ። ይህ ቃል ለብዙ እናቶች እፎይታ ነው።

ሙስሊም አንባቢዎቼም አብራችሁን ናችሁ። መጽሐፍ ቅዱስም ሆነ ቁርኣን ሴት ልጅ ትገረዝ ብሎ አያዝም።

ተገርዛችሁ ላደጋችሁ እናቶችና እህቶች ደግሞ፦ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ሕመም፣ እብጠት ወይም የሽንት ችግር ካለ ታከሙ። በእርግዝና ክትትል ጊዜ ለአዋላጅ ነርሷ አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ለወሊዱ እንድትዘጋጅ ይረዳታል። አንዲት ልጅ ተገርዛ ደም እየፈሰሳት ከሆነ በንጹህ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ይዛችሁ ወዲያው ጤና ተቋም አድርሷት። ሕግን ፈርታችሁ ቤት አትደብቋት፤ ደም ጊዜ አይሰጥም።

በ2000 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 80 በመቶዎቹ ተገርዘው ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ወደ 65 ወርዷል፤ ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ደግሞ 47 ነው። ይህ ልዩነት በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። በየቤቱ አንድ አባት፣ አንዲት እናት «በእኛ ይብቃ» ሲሉ የመጣ ነው።

ከዱራሜም፣ ከሺንሺቾም፣ ከሾኔም የምታነቡኝ፣ ጥር ከመግባቱ በፊት ይህን ለአንድ የሴት ልጅ አባት አድርሱልኝ።

የበረከት ሰሞን ይሁንላችሁ!