ሽማግሌው ሲመላለስ ይርጋው ይሮጣል

ቦንጋ ላይ ሰው ከሥራ ሲባረር መጀመሪያ የሚሄደው ጠበቃ ጋ አይደለም። ለእናቱ ይነግራል። እናት ለነፍስ አባቷ ትነግራለች። ነፍስ አባት የሥራ አስኪያጁን አማች ያውቃሉ። ከዚያ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል፣ «ልጃችን አጥፍቶም ከሆነ ለእኛ ሲባል ይቅር» ይባላል፤ ሽማግሌውም «እናያለን» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። ይህ «እናያለን» ሳምንት ይበላል። ሳምንቱ ወር ይሆናል። በመሀል ጾም ይገባል፣ «ከፋሲካ በኋላ» ይባላል።

ሽምግልናን የምንቅ ሰው አይደለሁም። በወሰን የተጣሉ ጎረቤቶችን፣ ሊፋቱ የደረሱ ባልና ሚስትን ሲያስታርቅ አይቻለሁ። ነገር ግን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሽማግሌ እስኪመለስ አይጠብቅም። ያለአግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ «ወደ ሥራዬ ልመለስ» ብሎ የሚከሰው ውሉ በተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ ነው። ከስንብቱ ጋር የተያያዘ ክፍያ የሚጠይቀው ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ ነው። ቀኑ ካለፈ የድርጅቱ ነገረ ፈጅ «ጉዳዩ በይርጋ የታገደ ነው» ብሎ መቃወሚያ ያቀርባል፤ በደሉ ሳይመረመር መዝገቡ ይዘጋል። ይርጋን የሚያቋርጠው ምን እንደሆነም አዋጁ ለይቶ አስቀምጧል፦ የሥራ ክርክር የመወሰን ሥልጣን ላለው አካል ክስ ማቅረብ፣ አዋጁን ለሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት አቤት ማለት፣ ወይም አሠሪው መብትህን በጽሑፍ ማመኑ። በሰው ሳሎን ተቀምጦ ቡና መጠጣት ከነዚህ ውስጥ የለም።

ስለዚህ ሽማግሌውም ይሂድ፣ ክሱም ይግባ። እርቁ ከተሳካ በስምምነት መዝገብ መዝጋት ይቻላል። የከሰሰ ሰው ይቀየሙታል የሚለው ፍርሃት ይገባኛል፤ ከተማችን ትንሽ ናት። ግን ሠራተኛውን ያለ ደብዳቤ ያባረረ አለቃ አስቀድሞ ተቀይሟል።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ድርጅቱን ስሙን አልጠራም፤ ጉዳዩ ገና በክርክር ላይ ነው። ልጁ የቡና መጋዘን ይጠብቅ ነበር፤ አራት ዓመት ሙሉ። ቡና የሚያውቅ ሰው የቀረውን ሳልነግረው ይገምታል። በኅዳር እርጥበቱ በደንብ ሳይወጣ የገባ ጀንፈል በየካቲት ሲመዘን ይቀልላል። ጆንያው ያው ጆንያ ነው፣ ውስጡ ያለው ፍሬ ያው ፍሬ ነው፣ ውሃው ግን ወጥቷል። እንኳን መጋዘን ጠባቂ፣ በጓሮው ቡና የሚያሰጣ ገበሬ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሆኖም ኦዲተር መጣ፣ «ጉድለት» ተባለ፣ ሥራ አስኪያጁም ጠርቶ «ቁልፉን አስረክብ፣ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» አለው። ደብዳቤ የለም። ማኅተም የለም። በማግስቱ ጠዋት በር ላይ ያለው ጥበቃ አንገቱን ደፍቶ «ወንድሜ፣ አታስገባው ተብያለሁ» አለው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ብዙ ሠራተኛ የሚወድቀው በዚህች በር ላይ ነው። በቃል የተባረረ ሰው ቤቱ ተኝቶ ሲቆዝም ድርጅቱ «ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ ቀረ» የሚል ማስጠንቀቂያ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል። ያለ ማስጠንቀቂያ ከሚያሰናብቱ ምክንያቶች አንዱ መቅረት ነውና፣ ፍርድ ቤት ሲደርስ አባራሪው «እኔ አላባረርኩም፣ ራሱ ጠፋ» ይላል። አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ሲያሰናብት ምክንያቱንና ቀኑን ገልጾ በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት። ያን ስላላደረገ ግን ሠራተኛው በራሱ ጊዜ ረታ ማለት አይደለም፤ መባረሩን ማስረዳት ይጠበቅበታል። በዚያው ሳምንት «በቃል ተከልክያለሁ፣ ሥራዬን ልቀጥል ወይም ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ» የሚል ማመልከቻ ጽፎ መዝገብ ቤት ማስገባት፣ ካልተቀበሉ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ መላክ ዋጋው ትንሽ ነው። ሌላም አለ፦ «ደመወዝህን ውሰድና እዚህ ፈርም» ሲባል የሚፈረመው ወረቀት አንዳንዴ «በራሴ ፈቃድ ለቅቄአለሁ» የሚል ነው። ሳያነቡ አለመፈረም።

የኛ ልጅ አንድ ነገር ነበረው። ቁልፍ ሲያስረክብ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ተቀባይ ፈርሞበት፣ ቀን ተደርጎበት ነበር። ዋጋ ያለው ወረቀት አልመሰለውም፤ አጣጥፎ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ከቶት ነበር።

ጠበቃ ፍለጋው እንግዲህ እንዲህ ሄደ። ከተማው ውስጥ ስሙ የገነነው ጠበቃ በትሕትና ተቀበለን፣ ወንበር ሰጠን፣ የድርጅቱን ስም ሲሰማ ግን እጁን አነሳ። «እነሱን አማክራለሁ፤ አንድም ቃል አትንገሩኝ» አለን። ቅር አላለኝም፤ እንዲያውም አከበርኩት። ጠበቃ በጣት በሚቆጠርበት ከተማ ግማሹ የድርጅት ደንበኛ አለው፣ ግማሹ ከሥራ አስኪያጁ ጋር አንድ የጽዋ ማኅበር ይጠጣል። ነገሩን ከመዘርገፍ በፊት «እነ እገሌን ያውቋቸዋል?» ብሎ መጠየቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ሌላው ደግሞ ፋይሉን ሳያይ «ዳኛውን አውቀዋለሁ፣ ቀብድ ብቻ አምጡ» አለ። ከእሱ ዘንድ በፍጥነት ወጣን። ዳኛ አውቃለሁ የሚል ሰው ሕግ አላውቅም እያለ ነው።

መንገዱን ያሳየን ፍርድ ቤት በር ላይ ኮምፒውተርና ፕሪንተር ይዞ የሚሠራ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። እነዚህን ሰዎች ብዙ ሰው ይንቃቸዋል። የሕግ ዲግሪ የላቸውም፣ አንዳንዱም ለሁሉም ጉዳይ አንድ ዓይነት ክስ እየገለበጠ ስም ብቻ ይቀይራል። ይኼኛው ግን የልጁን ወሬ አስቁሞ «መቼ ነው የወጣኸው?» አለው። ቀኑን ሲሰማ ቀና ብሎ አየንና «ሽማግሌ ልካችሁ ነበራ» አለ። ሦስት ወሩ ሊሞላ የቀረው ጥቂት ነበር። ወደ አንዲት ወጣት ጠበቃ መራን፤ እሷም መጀመሪያ የጠየቀችው ያንኑ ጥያቄ ነው። «ለምን አባረሩህ» የሚለው ኋላ መጣ። የደብተሩን ቅዳጅ ስታይ ፈገግ አለች፦ «ይኸውልህ ወንድሜ፣ ጠፋ ሊሉህ አይችሉም። ቁልፍ አስረክቦ፣ አስፈርሞ የሚጠፋ ሰው የለም።»

ስለ ገንዘቡ በግልጽ እናውራ። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ ይህን የማያውቅ ብዙ ሰው ገና ከበር ይመለሳል። ጠበቃ ማቆምም ግዴታ አይደለም፣ ራስህ መከራከር ትችላለህ። ስንብቱ ሕገ ወጥ ሆኖ ሠራተኛው ካልተመለሰ፣ ላልተወሰነ ጊዜ ለተቀጠረ ሰው ካሳው የ180 ቀን አማካይ ደመወዝ ነው። በላዩ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ አለ፤ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር ነው። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት 30 ቀን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ነው። አራት ዓመት የሠራ ሰው ሁሉንም ሲደምረው በግርድፉ የአሥር ወር ደመወዝ ይሆናል። ለመጋዘን ጠባቂ ብዙ ገንዘብ ነው፤ ጅማ ተቀምጦ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚመላለስ ጠበቃ አበልና ትራንስፖርት ከተቀነሰ ግን ምን ይተርፋል? ስለዚህ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በመቶኛ ከሆነ ከምኑ ላይ እንደሚታሰብ ይጻፍ፤ ደንበኛው ካሳ ትቶ ወደ ሥራ ቢመለስስ? ይግባኝ ሲመጣ ሌላ ክፍያ አለ? ፍርዱን ማስፈጸምስ? ፍርድ ይዞ ገንዘቡን ያላገኘ ሰው ስንቱን አውቃለሁ፤ አፈጻጸም ራሱን የቻለ መዝገብ ነው። የኛዋ ጠበቃ ትንሽ ተቀብላ የቀረውን ከአፈጻጸም በኋላ አለች፣ ጽፋም ፈረመች።

ይህንንም የማይችል አለ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቱ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ሴቶችን የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያግዛል። በሥራ ቦታው ሠራተኛ ማኅበር ካለ ከሁሉ ይቀድማል፤ አንድን የቀን ሠራተኛ ችላ ያለ ድርጅት ማኅበር ሲመጣ ወንበር ይስባል። የቋንቋውም ነገር አለ። በካፊኖኖ አስቦ በአማርኛ የሚንተባተብ የሻይ ለቃሚ በደሉን ሙሉ በሙሉ የሚናገረው አፉን ለፈታበት ቋንቋ ጆሮ ላለው ጠበቃ ነው። ውል የለኝም ብሎ የሚቀርም ብዙ ነው። የቃል ቅጥርም ቅጥር ነው፤ አሠሪው በጽሑፍ አለማድረጉ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም።

በር መሳሳትም አለ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ቦንጋ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆነች፤ መሥሪያ ቤቱም ተቀጣሪውም በዛ። የመንግሥት ሠራተኛ በዚህ አዋጅ አይዳኝም፣ መንገዱ በቅሬታ ኮሚቴና በአስተዳደር ፍርድ ቤት ነው። የሥራ መሪም ከአዋጁ ውጭ ነው፤ እሱ የሚዳኘው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ድርጅቱም ይችን ሊጠቀምባት ሞከረ። የልጁ የሥራ መደብ «የመጋዘን ኃላፊ» ይላልና «የሥራ መሪ ስለሆነ አዋጁ አይመለከተውም» ብሎ ተቃወመ። ጠበቃዋ የጠየቀችው ጥያቄ አጭር ነበር፦ ይህ ኃላፊ ማንን ቀጥሮ ያውቃል? ማንን አሰናብቷል? የማንን ደመወዝ ጨምሯል? ሕጉ ሥልጣንን እንጂ የመደብ ስምን አያይም። መቃወሚያው ውድቅ ሆነ።

ሲያትል ያለ አጎታችን በስልክ «እዚህ እኮ አለቃህ ዛሬ ውጣ ካለህ ወጣህ ነው፣ ምን ያለፋችኋል» አለን። እውነቱን ነው፤ በአሜሪካ አብዛኛው አሠሪ ምክንያት ሳይሰጥ ማሰናበት ይችላል። የኛ ሕግ ግን ሌላ መንገድ መርጧል። ኢትዮጵያ አሠሪ ያለ በቂ ምክንያት ሠራተኛ እንዳያሰናብት የሚከለክለውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158 በ1983 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ አሜሪካ አላጸደቀችም። ድሃ አገር ሆነን በዚህ በኩል በወረቀት እንበልጣለን። ወረቀቱ ሥራ ላይ የሚውለው ግን ቀኑ ሳያልፍ በሚከፈት መዝገብ ነው።

ምስክር ማግኘቱ ከጠበቃው ይልቅ ከበደን። አብረው ጆንያ የተሸከሙ፣ ከአንድ ትሪ የበሉ ጓደኞቹ ሁሉ «አንተን እግዜር ያውቅሃል» ብለው ሸሹ። አልፈርድባቸውም፣ እነሱም ልጅ አላቸው። በክስ ሂደት መሳተፍ ለማሰናበት ምክንያት እንዳይሆን ሕጉ ይከለክላል ብዬ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር፤ ያንኑ ሕግ ለማስከበር ጠበቃ ፍለጋ ስንንከራተት ያዩን ሰዎች እንዴት ይመኑኝ? በመጨረሻ የመጣው ያ የበር ጥበቃ ነው። ዳኛዋ ፊት ቆሞ «አታስገባው ተብዬ ነበር» አለ፣ ሌላ ምንም አልጨመረም።

አዋጁ ክሱ በ60 ቀን ይወሰን ይላል። ቀጠሮ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል፤ የኛም ከዚያ በላይ ቆየ። ፍርድ ቤቱ ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው አለ፣ ድርጅቱ በ30 ቀኑ ውስጥ ይግባኝ ጠየቀ፣ አሁን ጉዳዩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው።

ልጁ ካሳውን መርጦ ነበር የተከራከረው። እኔ ብሆን መመለሱን እመርጥ ነበር፤ አራት ዓመት የሠራበትን ቦታ ለምን ለቆ ይሄዳል ብዬ አክስቴ ፊት ተከራክሬዋለሁ። ክስ ከመግባቱ በፊት በነበረው ማታ ጠበቃዋም ደጋግማ ጠይቃዋለች፣ ምክንያቱም የኋላ ኋላ ሐሳብ መቀየር ቀላል አይደለም። እሱ ግን ሳያመነታ መለሰላት፦ «እሺ ተመለስኩ እንበል እህቴ። ቁልፉን ተቀበልኩ። በየካቲት ቡናው ደርቆ ሲቀል ማን ሊፈርምልኝ ነው?»