የሚዞርና የሚሻገር

ከኢትዮጵያ ተነሥታችሁ ወደ ቅዱሳት መካናት የምትመጡ ምእመናን፣ ብዙዎቻችሁ የአዲስ አበባን ቀለበት መንገድ ሳትረግጡ ከአውሮፕላን አትደርሱም። ከአምቦ የመጣው ተሳላሚ በዊንጌትና በኮልፌ፣ ከጅማ የመጣው በአየር ጤና፣ ከደብረ ዘይት የመጣው በቃሊቲ በኩል ይይዘውና የከተማውን እምብርት ሳያይ ቦሌ ይገባል። አማን ላይ ስትወርዱም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚወስዳችሁ አውቶቡስ ከተማዋን በቀኝ ትቶ በናዑር በኩል ታጥፎ ወደ ዮርዳኖስ ሸለቆ ይወርዳል። በሁለት ታላላቅ ከተሞች ዳር አልፋችሁ ከወንዙ ትደርሳላችሁ ማለት ነው። ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህ አልፎ መሄድ ነው።

መነኩሴ ከአስፋልት ጋር ምን አለው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን በአብነት ትምህርት ያደገ ሰው መንገድን በእግሩ ጫማ ያውቀዋል። ዳዊቱን ከአንዱ አገር፣ ዜማውን ከሌላው፣ ቅኔውን ከጎጃም፣ የመጻሕፍቱን ትርጓሜ ጎንደር ድረስ ሄዶ የሚማር ልጅ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከደብር ደብር ሲዘዋወር ብዙ ወንዝ ይሻገራል፤ መሻገሪያው በየት እንደ ሆነም ከእረኛ ይጠይቃል።

ቀለበት የሚለው ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ክቡ ቤተ ክርስቲያናችን ራሱ በቀለበት ውስጥ ያለ ቀለበት ነው፤ ከውጭ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ ከመካከሉ መቅደስ። ታቦቱ በንግሥ ዕለት ሲወጣ ካህናቱ ዙሪያውን ይዞራሉ፤ ይህንንም ዑደት እንለዋለን። ይሁን እንጂ በእነዚህ ቀለበቶች ሁሉ ላይ በር አለ። ወንዶች የሚገቡበት፣ ሴቶች የሚገቡበት፣ ካህናት የሚገቡበት እየተለየ ይታወቃል። በር የሌለው ዙሪያ ቢኖር ምእመኑ ቅዳሴውን ከውጭ ሰምቶ ይመለስ ነበር።

የቀደሙት የከተማ ቅጥሮችም ይህን ያውቁ ነበር። የሐረር ጀጎል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን ሲታጠር አምስት በሮች ወጡለት፤ የውስጡም ከተማ በበሮቹ ልክ በአምስት ሰፈር ተከፈለ። በአውሮፓ ደግሞ ቅጥሩ ራሱ መንገድ ሆነ። ፓሪስ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠራችውን ምሽግ አፍርሳ፣ በዚያው መሥመር 35 ኪሎ ሜትር የሚሆን የመኪና ቀለበት ዘርግታ እ.ኤ.አ. በ1973 ጨረሰችው። ግንቡ ከፈረሰ ዘመን ቢያልፍም፣ ከቀለበቱ ውስጥ የሚኖረውና ከቀለበቱ ውጭ የሚኖረው ዛሬም እንደ ሁለት አገር ሰው ይተያያሉ ይባላል። ድንጋዩን ማንሣት ቀላል ነው፤ መሥመሩን ማንሣት ግን አልተቻለም።

የአዲስ አበባው ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን አሠሪ፣ የቻይና መንገድና ድልድይ ኩባንያ ሠሪ ሆኖ፣ በሁለት ምዕራፍ ወደ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘረጋ። ከመገናኛ ተነሥቶ በቦሌ ወደ ቃሊቲ ይወርዳል፤ ከዚያ በሳሪስ አቦ፣ በለቡ፣ በጀርመን አደባባይ፣ በመካኒሳ፣ በአየር ጤናና በጦር ኃይሎች አድርጎ ዊንጌት ይደርሳል። የታሰበውም ከተማዪቱን ከአምስቱ መውጫዎቿ፣ ከጅማ፣ ከደብረ ዘይት፣ ከደሴ፣ ከጎጃምና ከአምቦ መንገዶች ጋር ሊያገናኝ ነው። እነዚህን መውጫዎች ሰዉ ዛሬም በር ይላቸዋል፤ ቁጥራቸው ከጀጎል በሮች ጋር መግጠሙ ደስ ይለኛል። ልብ ብሎ ያየ ግን ቀለበቱ እንዳልተገጠመ ያስተውላል። በሰሜን በኩል የእንጦጦ ተራራ ቆሞ፣ ከዊንጌት እስከ መገናኛ ያለው ክፍት ቀርቷል። ዳግማዊ ምኒልክ ዘውድ የደፉባት እንጦጦ ማርያም ያለችው በዚያ ጋራ ላይ ነው። ስሙ ቀለበት ይባል እንጂ መልኩ የፈረስ ኮቴ ነው።

ጥቅሙን የሚክድ ሰው ሐሰተኛ ነው። የጭነት መኪና በመሃል ከተማ ሲያጓራ የምናስታውስ ሁሉ ጥቅሙን እናውቃለን። ምጥ የያዛትን ሴት ይዞ ከቃሊቲ የሚሮጥ ሰው መንገዱን መርቆ ነው የሚያልፍበት። የእኔ ነገር ከሚዞረው ጋር አይደለም፤ ከሚሻገረው ጋር ነው።

መንገዱ ሲሠራ በከተማው ደቡብ ምዕራብ ባለች አንዲት ደብር አገለግል ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ከመንገዱ ወዲህ፣ ከአጥቢያው ሕዝብ እኩሌታው ከመንገዱ ወዲያ ሆነ። ቀድሞ በመካከሉ የነበረው የእግር መንገድ ነው፤ የኪዳን ደወል ሲሰማ ከቤቱ የተነሣ ሰው ጸሎቱ ሳይጀመር ይደርስ ነበር። በኋላ በመካከል የሲሚንቶ ግድግዳ፣ በዳርና ዳር የብረት አጥር ቆመ። መሻገሪያ አልተሠራም አልልም። ተሠርቷል፤ ከፍ ያለ የእግረኛ ድልድይ፣ ከደብሩ በር ራቅ ብሎ፣ በብዙ ደረጃ የሚወጣና በብዙ ደረጃ የሚወረድ። የሃያ ዓመት ጎረምሳ ይሮጥበታል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ያልቀመሰች አሮጊት ግን በእርሱ ላይ ሦስት ጊዜ ታርፋለች።

አንዲት እማሆይ ነበሩ። ኪዳን አያስታጉሉም ነበር። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ጥቂት ወራት በድልድዩ ተመላለሱ፤ ከዚያ ቀሩ። ሕመም መስሎኝ ልጠይቃቸው ተሻግሬ ስሄድ፣ ከመንገዱ ማዶ ከብረቱ አጥር ሥር ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው አገኘኋቸው። የድምፅ ማጉያው ጸሎቱን እስከዚያ ያደርሰው ነበር። መኪናው በመካከል እየበረረ፣ እርሳቸው ፊታቸውን ወደ ደብሩ መልሰው ይሰግዳሉ። «እማሆይ፣ በድልድዩ አይሻልም?» ብላቸው፣ «አባቴ፣ ሲወጡት ጉልበቴ፣ ሲወርዱት ዐይኔ እንቢ አለኝ፤ ከዚሁ ሆኜ አያለሁ» አሉኝ። እስኪያርፉ ድረስ እንዲሁ ቆዩ።

ሲያርፉ ደግሞ ሌላው ነገር ተገለጠ። በአጥቢያችን ሬሳ በቃሬዛ በትከሻ ተይዞ፣ ዕድርተኛው እየተቀባበለ፣ በየምዕራፉ ፍትሐቱ እየተደረሰ ነበር ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው። ቃሬዛ ይዞ በዚያ ጠባብ ደረጃ መውጣት አይቻልም። ስለዚህ እማሆይ በመኪና ተጭነው፣ ወደ ታች እስከ መዞሪያው ወርደው፣ በሌላው ጎን ተመልሰው መጡ። ስንት ዘመን በእግራቸው የተመላለሱበትን ደጅ በመጨረሻው ቀን ዞረው ገቡበት። ብዙም ሳይቆይ ዕድሩ ለሁለት ተከፈለ፤ የወዲያው የራሱን ድንኳን፣ የራሱን ወንበር ገዛ። ጠብ አልነበረም። የሩቅ ሐዘን እየከበደ ሄዶ ነው።

በዓመት ሁለት ቀን ብቻ መንገዱ በር ያወጣ ነበር፤ በከተራና በጥምቀት። ትራፊክ ፖሊሱ እጁን ዘርግቶ መኪናውን ሲያቆም፣ ታቦቱ በምንጣፍ ላይ ሲሻገር፣ የወዲያውና የወዲህ ሰው በአስፋልቱ መካከል ይገናኛል። ሾፌሮች ወርደው ሲሳለሙ አይቻለሁ። ከዚያ ውጭ ባሉት ቀናት ግን ወጣቶቹ ግድግዳውን መዝለል ለመዱ፤ ለበዓል በግ የሚነዱትም እንዲሁ። ከእነርሱ መካከል ስማቸውን በጸሎተ ፍትሐት የጠራሁላቸው አሉ። ሰዎች ሲነቅፏቸው «ድልድይ እያለ» ይላሉ። ይህ ነቀፋ ግማሽ እውነት ነው። በጨለማ ወደ ሥራ የሚሮጥ ሰው አጭሩን መንገድ እንደሚመርጥ፣ ውኃ ዝቅ ወዳለው እንደሚወርድ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ መንገድ የሚነድፍ ሰው ይህን ከቁልቁለቱ ጋር አብሮ ሊለካው ይገባዋል።

ከዚያው መሥመር ዘነበወርቅ የተባለውን ሰፈር ሳላነሣ አላልፍም። በዚያ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሠራ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ አለርት የተባለው የሕክምናና የማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። ሆስፒታሉ መጀመሪያ ሲሠራ ከከተማ ውጭ ነበር፤ ሕሙማኑ ከሰው እንዲርቁ። እነርሱ ወደ ከተማ አልመጡም፤ ከተማው ወደ እነርሱ መጣ፤ ቀጥሎም ቀለበት መንገዱ በአጠገባቸው አለፈ። ይህ ደዌ የእግርን ስሜት ያጠፋል፤ ሕመምተኛው ደረጃ ሲወጣ እግሩ ቢቆስል አይሰማውም፤ ማታ ደሙን አይቶ ነው የሚያውቀው። በከፍታ ድልድይ ላይ የወጣ ሁሉ አንድ ዓይነት እግር ያለው አይደለም።

አሁን ወደ አማን ልመለስ። ከገዳማችን ለአገልግሎት ስላክ የማርፍበት ቤት በከተማዋ ምዕራብ፣ ኻልዳ በተባለው ሰፈር ነው። አማን በመጽሐፍ ረባት የተባለችው የአሞን ልጆች ከተማ ናት፤ ኦርዮ ከቅጥሯ ሥር የወደቀባት። ግሪኮች ፊላዴልፍያ ብለዋት ነበር፤ የወንድማማች ፍቅር ማለት ነው። የዛሬዪቱ ከተማ በኮረብቶች ላይ ተዘርግታ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ በሚቆጠሩ አደባባዮች ትለካለች። የጭነት መኪናዎችን ከመሃሏ ለማራቅም በዓለም ባንክ ድጋፍ በምሥራቅና በደቡብ በኩል የሚዞር ረጅም መንገድ ተሠርቶላታል። በእኛ በኩል፣ በምዕራብ፣ እንደ ዙሪያ መንገድ የሚያገለግለው ከሱዌይሌህ ወርዶ በኻልዳና በንጉሥ ሑሴን የሕክምና ከተማ አጠገብ የሚያልፈው የንጉሥ ዐብደላህ ዳግማዊ ጎዳና ነው። ሰፊ ነው፤ ፈጣን ነው፤ ለእግረኛ የታሰበለት ጥቂት ነው። መኪና የሌለው ሰው በዚህ ሰፈር የሚታየው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲታይም አብዛኛውን ጊዜ የእኛው እኅት ናት።

እነዚህ እኅቶች በሰው ቤት የሚሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የዮርዳኖስ ደንብ ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይፈቅዳል። ደንቡ መልካም ነው፤ የሚፈጸመው ግን እንደየቤቱ ነው። ዓርብ የተፈቀደላት ከጠዋት እስከ ማታ አይደለም የሚፈቀድላት፤ ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት ነው። አንዲቱ ከጎዳናው ማዶ ትኖራለች። ከመስኮቷ የእኛ ቤት ጣሪያ ይታያታል። «አባ፣ ማዳም እስከ ስምንት ሰዓት ነው ያለችኝ፤ በድልድዩ ዞሬ ስመጣና ስመለስ ጸሎቱ ሳይደርሰኝ ያልቃል» አለችኝ። ታክሲ ብትይዝ ከወዲህ ወደ ወዲያ ለመሻገር ወደ ታች ወርዶ መዞር ግድ ስለሆነ ሒሳቡ ይበዛባታል፤ ደመወዟ ደግሞ በየወሩ ወደ ቤተሰቧ ይሄዳል። ይህን ስትነግረኝ የእማሆይ ድምፅ የመጣብኝ መሰለኝ። ልዩነቱ እማሆይ ሰማንያ ዓመት ሞልቷቸው ነበር፤ ይህች ገና ሠላሳ አልሞላትም።

በዚህ ጊዜ ያደረግነው ትንሽ ነገር ነው። ከማዶ ያሉት አምስት እኅቶች ተጠራርተው በአንድ ሰዓት ከድልድዩ እግር እንዲገናኙ፣ እኔም መጽሐፌን ይዤ ወደዚያ እንድሻገርላቸው ተስማማን። ሽማግሌ መነኩሴ ድልድይ ሲወጣ መኪናዎቹ ጥሩምባ ይነፉለታል፤ ለሰላምታ ይሁን ለሳቅ አልለየሁትም። በማዶ ካለ የወይራ ዛፍ ሥር ቆመን ውዳሴ ማርያም እናደርሳለን። የቤቱ ጸሎት በቅዳሜና በእሑድ ይቀጥላል፤ ዓርብ ግን እኔ ተሻጋሪ ነኝ።

እናንተ ተሳላሚዎች የምትገቡበት ነገር አሁን ነው። ያቺ እኅት ዮርዳኖስ አገር ከገባች ስድስተኛ ዓመቷ ነው። ወንዙ ከአማን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፤ አላየችውም። እናንተ ከጎንደርና ከወሎ ባሕር ተሻግራችሁ በውኃው ተጠምቃችሁ ስትመለሱ፣ እርሷ ያለችበትን ከተማ ዳር ዳሩን ታልፋላችሁ። የለመነችው አንድ ነገር ነው፤ በትንሽ ጠርሙስ ከወንዙ ውኃ እንድታመጡላት። ከናዑር ወደ ኻልዳ ለመታጠፍ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው። ሾፌሮች በመንገድ ላይ ሲነገራቸው ስለሚቆጡ፣ ለጥምቀት የምትመጡ ማኅበራት ገና ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳትነሡ ንገሩት፤ ከተቻለም መመለሻችሁ ዓርብ ይሁን፣ ከሰባት ሰዓት በፊት፣ ከጎዳናው በማዶው በኩል።