የመናገሻው ጉሬዛ

ዛሬ ስለ አንድ የእግር ጉዞ ላጫውታችሁ። ታሪኩ አስተማሪውን ስለሚያሳፍር፣ ልጆች ደስ ሳይላችሁ አይቀርም።

ጊዜው ጥር 2011 ዓ.ም. ነበር፤ እንደ ፈረንጆቹ 2019 መሆኑ ነው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ የነበረችውን ልጄን ይዤ አዲስ አበባ ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። አንድ ቀን በጠዋት ተነስተን በሰበታ በኩል ወደ መናገሻ ሱባ ደን ወጣን። ደኑ ያለው በወጨጫ ተራራ ላይ ነው። የተራራው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር ያልፋል፤ የኛ ሂሊያርድ ግን 300 እንኳ አይሞላም። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ ሒሳብ የምሠራ ሰው ነኝና ሃያ ደቂቃ ሳልራመድ ትንፋሽ አጠረኝ። ልጄ ግን ከፊት ከፊት ትሮጣለች።

መንገድ የሚመሩን አንድ ጠና ያሉ ሰው ነበሩ። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የዛፍ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እዚህ አስተከሉ ተብሎ እንደሚነገር አጫወቱን።

ልጄ ጥያቄ ጀመረች።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ዛፍ ነው።»

«ያኛውስ?»

«እሱም ዛፍ ነው።»

ሰውየው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ይሄ ጥድ ነው የኔ ልጅ። ያ ዝግባ፣ ያ ደግሞ ኮሶ። ይሄ ወይራ ነው፤ የወተት ዕቃ ይታጠንበታል» እያሉ ግንዱን በእጇ አስነኳት።

ትንሽ እንደሄድን ከበላያችን ቅርንጫፍ ተንኮሻኮሸ። ቀና ስንል፣ በጥቁር ገላው ላይ ነጭ ካባ የደረበ የሚመስል እንስሳ ከዛፍ ወደ ዛፍ ዘለለ። ጅራቱ ረጅም፣ ጫፉም ነጭ ነው። «ጉሬዛ!» አሉ ሰውየው። ጉሬዛ የጦጣ ዘመድ ነው፤ የሚበላው በብዛት ቅጠል ነው። የሚገርማችሁ፣ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል። ግን እንደዚያ ሲዘል አይወድቅም! ከወደ ታች ደግሞ እንደ ውሻ የሚጮህ ነገር ሰማን። ድኩላ ነው ተባልን፤ ሳናየው ጫካ ገባ።

ይኼኔ ልጄ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «አባዬ፣ አንተ ጉሬዛ አይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

አላውቅም ነበር። አዲስ አበባ ተወልጄ፣ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ያን ሁሉ ዓመት «ቅርብ ነው፣ ሌላ ጊዜ እሄዳለሁ» ስል ኖርኩ። በየቅዳሜው ግን ሰሌዳ ላይ «ጉ፦ ጉሬዛ» ብዬ ጽፌ እናንተን አስደግማለሁ። እናንተም ትደግማላችሁ። ቃሉን እንጂ ነገሩን ግን አላሳየኋችሁም፤ እኔም አላየሁትምና።

«አላውቅም፣ ዛሬ ገና አየሁ» አልኳት። እጄን ይዛ፣ «እኔም» አለች።

ከተመለስን በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት ባተል ዳርቢ ክሪክ ፓርክ መሄድ ለመድን። እዚያ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባይሰን አለ፤ ልጄ «የአሜሪካ ጎሽ» ትለዋለች። ሬድ ሲዳር የሚባለው የኦሃዮ ዛፍም የሐበሻ ጥድ ዘመድ መሆኑን እዚሁ ተማርኩ። ለካ ጥድን ለልጅ ለማሳየት ውቅያኖስ መሻገር አያስፈልግም ነበር!

ስለዚህ ልጆች፣ የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። ከወላጆቻችሁ ጋር ወጣ በሉና አንድ ዛፍ ወይም አንድ እንስሳ ምረጡ። በአማርኛ ማን እንደሚባል ጠይቁ፤ ሥዕሉን ሥላችሁ ስሙን ጻፉበት። ወላጆችም፣ ስሙ ከጠፋባችሁ እንደኔ «ዛፍ ነው» ብላችሁ አትለፉ። አገር ቤት ደውላችሁ አያቶችን ጠይቁ፤ ለእነሱም ደስታ ነው።

ቅዳሜ እንገናኝ። ሰላም ሁኑ።