ማን ይቅደም?

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ካሉት ሥራዎች ሁሉ የምፈራው ትሪያጅን፣ ማን ቀድሞ መታየት እንዳለበት የመለየቱን ሥራ ነበር። ደም አያስፈራኝም፤ የሌሊት ተረኝነትም አይከብደኝም። የሚከብደኝ በር ላይ ቆሞ «አንተ ግባ፣ አንቺ ትንሽ ቆዪ» ማለት ነው። አንድ ነርስ በታመመ ሰው ላይ እንዲህ የመፍረድ ሥልጣን ከየት አገኘች? ጥያቄውን ለዓመታት ይዤው ዞሬያለሁ። ዛሬ ሥራውን እወደዋለሁ። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደለቀቀኝ የምጽፈው፣ በሩ ማዶ ተቀምጣችሁ ተራ የምትጠብቁ ሰዎችም ያንኑ ጥያቄ እንደምትጠይቁ ስለማውቅ ነው።

ቃሉን እኛ ከእንግሊዝኛ ወሰድነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ከፈረንሳይኛ ተዋሰው። «ትሪ» ሲባል «ሦስት» ማለት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ቁስለኞች በሦስት ስለሚከፈሉ ነው ብለው የሚያስረዱም አሉ። መነሻው ግን «ትሪዬ» የሚል የፈረንሳይኛ ግሥ ነው፤ ትርጉሙም መለየት፣ መልቀም ነው። «ትሪያጅ» በ18ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባ ከሕመምተኛ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። የበግ ፀጉር ነጋዴዎች ምርጡን ከመናኛው የሚለዩበት ሥራ ስም ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ደግሞ ቡና ነጋዴዎች ከለቀማ የተረፈውን ስብርባሪና ዝቅተኛ ቡና ራሱን «ትሪያጅ» ይሉት ጀመር።

ቡና ለቀማ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። ቤት ውስጥ ቡና ከመቆላቱ በፊት፣ መጋዘን ውስጥም ወደ ውጭ ከመላኩ በፊት፣ የሴቶች ጣት ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ተባይ የበሳውን ፍሬ እየለየ ያወጣል። እዚያ ያለው መለኪያ ዋጋ ብቻ ነው፤ ጥሩው ፍሬ ይከበራል፣ መጥፎው ይወገዳል።

ከዚያው ከ«ትሪዬ» እንግሊዝኛ ሌላ ቃልም ወልዷል። ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥቱና የችሎቱ ቋንቋ ሲሆን፣ ግሡ እውነቱን ከሐሰቱ ለመለየትም ዋለ። ዛሬ ፍርድ ቤት የሚካሄደውን የክስ ሂደት እንግሊዞች «ትራያል» የሚሉት ከዚህ በመነሳት ነው። እንግዲህ አንዱ ግሥ ቡናውንም ለቀመ፣ ተከሳሹንም መረመረ። ይህን ሳውቅ የፍርሃቴ ምንጭ ገባኝ። እኔም በር ላይ ስቆም ሰውን በዋጋ የምለቅም፣ አንዴ ከለየሁም ፍርዱ የጸና መስሎ ይሰማኝ ነበር።

የቃሉን ሐሳብ የገለበጠው ጦር ሜዳ ነው። ዶሚኒክ ዣን ላሬ የሚባለው ፈረንሳዊ የጦር ሐኪም በ1792 እ.ኤ.አ. በፈረስ የሚጎተቱ ቀላል ጋሪዎች አዘጋጅቶ፣ ውጊያው ሳያልቅ ቁስለኞችን ማንሳት ጀመረ። ከዚያ በፊት ብዙ ወታደር ጦርነቱ እስኪያበቃ ወድቆ ይጠብቅ ነበር። ከናፖሊዮን ጋር ሲዘምት የኖረው የላሬ ሕግ አንድ ነበር፤ ማዕረግ ሳይታይ፣ ጉዳቱ የከፋው ይቅደም። ላሬ ራሱ ሥራውን ትሪያጅ አላለውም። ስያሜው ከቁስለኛ ጋር የተጣበቀው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በፈረንሳይ ጦር የሕክምና ጣቢያዎች ነው። ሆኖም ለውጡ የእሱ ነው። ለቀማ ምርጡን ያስቀድም ነበር፤ ላሬ ግን ከሁሉ የተጎዳውን አስቀደመ። የሰውዬው ዋጋ ከመለኪያው ወጣና የቀረው ጊዜ ገባ።

ይህን በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ። ያመንኩት ግን አንድ ጠዋት ከአንዲት አንጋፋ ሲስተር ጋር በተመደብኩበት ጊዜ ነው። አግዳሚው ሞልቷል። ክንዱ የተሰበረ ሕፃን እናቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ ክፍሉን በለቅሶ አናውጦታል። ጥግ ላይ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው የተከናነቡ ሽማግሌ አሉ። ሰው በገባ ቁጥር ጠጋ ይሉለታል፤ «እኔ እቆያለሁ፣ ሕፃኑ ይቅደም» ይላሉ። ሲስተር ግን ወደ እሳቸው ሄደች።

«አባባ፣ እስቲ ጋቢዎን ገለጥ ላድርገው» አለቻቸው።

ጋቢው ሲገለጥ ትንፋሽ በሳቡ ቁጥር የጎድናቸው መሐል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። አፍንጫቸው ይነፋል። ጥፍራቸውን ጫን አድርጋ ስትለቀው ቀለሙ ለመመለስ ዘገየ። የእጃቸውን አንጓ ይዛ የልብ ምት የምትቆጥር መሰለች፤ ዓይኗ ግን ደረታቸው ላይ ነበር። ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ይቀይራልና፣ ሳያውቅ ነው የሚቆጠርለት። ከየት እንደመጡ ጠየቀቻቸው። የአገራቸውን ስም ለመጨረስ መሐል ላይ ቆም ብለው አየር መሳብ ነበረባቸው። ወዲያው ቃሬዛና ኦክስጅን አዘዘች።

የሕፃኑ እናት ተቆጣች፦ «ሲስተር፣ ቀድመን የመጣነው እኛ አይደለን እንዴ?» በንዴቷ አይፈረድባትም። እኛ አገር ተራ መጠበቅ የፍትሕ ዋነኛው መልክ ነው፤ ተራን የሚያዛባ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘመድ ወይም ገንዘብ ያለው ነው። ሲስተር ቁጭ ብላ ፊቷን እያየች መለሰችላት፦ «እህቴ፣ ልጅሽን እንዳመመው አውቃለሁ፤ ማስታገሻ አሁን ይሰጠዋል። እንዲህ መጮህ የቻለው ግን አየር በደንብ ስለሚገባለት ነው። አባባ ለመጮህ የሚበቃ ትንፋሽ የላቸውም።» እናቲቱ ዞር ብላ አየቻቸውና፣ ልጇን አቅፋ ተነሥታ ለቃሬዛው መንገድ ለቀቀች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራውን ሌላ ዓይን ይዤ ተማርኩት። የምንጠቀምበት መለኪያ በኬፕ ታውን ሐኪሞችና ነርሶች ከተዘጋጀው የደቡብ አፍሪካ ትሪያጅ የተወሰደ ነው። ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ ሙቀት፣ ንቃት፣ መራመድ መቻልና አደጋ መኖር አለመኖሩ ነጥብ ያገኛሉ። በነጥቡ መሠረት ቀይ ቀለም የወጣለት ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በ1 ሰዓት፣ አረንጓዴ በ4 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። ሥልጣን፣ ሀብትና የለቅሶ ድምፅ ነጥብ የላቸውም። ይሉኝታም ነጥብ የለውም፤ ስለዚህ ነው ይሉኝታ የያዘውን ሰው እኛ ሄደን መፈለግ ያለብን።

የመጨረሻው ትምህርት ግን ከሁሉ ቆይቶ መጣ፤ መለየት አንዴ ተደርጎ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። አረንጓዴ የተሰጠው ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንደገና ይታያል፣ እንደገና ይለካል። ይህ የተረሳ ዕለት ትሪያጅ ወደ ለቀማነቱ ይመለሳል። ለምሳሌ በ1967 እ.ኤ.አ. ዊልያምና ፖል ፓዶክ የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች ስለ ረሃብ በጻፉት መጽሐፍ፣ አሜሪካ የምግብ ዕርዳታዋን በትሪያጅ ታከፋፍል ብለው አገሮችን መደቡ። ሕንድንና ግብፅን ሊድኑ አይችሉም ከሚሏቸው ወገን ከተቷቸው። ሕንድ ግን በተሻሻሉ የስንዴ ዘሮች፣ በማዳበሪያና በመስኖ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የስንዴ ምርቷን እጅግ አሳደገች። ሁለቱ ሰዎች ከትሪያጅ የወሰዱት መመደቡን ብቻ ነበር፤ ተመልሶ ማየቱን ተዉት። ሕዝብን ያህል ነገር አንዴ አይተው ፍርድ ሰጡ።

ብዙ ቁስለኛ በአንዴ በሚመጣበት ቀን፣ ሐኪሙና ደሙ ለሁሉ ሳይበቃ ሲቀር፣ ምርጫው በእርግጥ መራራ ነው። ያን ቀን የሚያም ነገር የለም ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን የዚያን ቀን ጥፋት የእጥረቱ ነው፤ እጥረቱን ደግሞ የሰው ዋጋ አድርገን ልንለምደው አይገባም። አልጋው፣ ኦክስጅኑና የሰው ኃይሉ እንዲሟላ መጮህ የእኛ የባለሙያዎቹ ግዴታ ነው።

እናንተ ደግሞ ድንገተኛ ክፍል ስትመጡ ይህን አድርጉልኝ። የታመመውን ሰው ጋቢና ነጠላ ገለጥ አድርጉት፤ አተነፋፈሱ ይታይ። ያመማችሁን በይሉኝታ አታሳንሱት። ቆዩ ከተባላችሁ በኋላ የባሰበት ሰው ካለ ተራ ሳትጠብቁ መጥታችሁ ንገሩን። «ቆዩ» ስንላችሁ ተመልሰን የማየት ዕዳ ገብተናል፤ ከዘገየን ጠይቁን፣ መጠየቅ መብታችሁ ነው።